ለትከሻ የቀለለ ጠመንጃ

ልጄ፣ «ጋሼ፣ ያገለገለ ቀላል የአደን ጠመንጃ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ብለህ የላክልኝን አነበብኩት። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያደገ ልጅ ካናዳ፣ አልበርታ ተራራ ላይ አጋዘን ሊያድን ነው። ይሁን፣ ደግ ነው። የመሣሪያ ፈቃዱንም የአዳኝ ትምህርቱንም ጨርሻለሁ ብለሃል። እንግዲህ የቀረው የብረቱ ነገር ነው። ከብረት ጋር ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬያለሁ። እዚህ ጎንደር ሞርሳና ቶርኖ አጠገብ ቆሜ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ ጋራዥ ከፍተው ሰው ቀጥረው ያሠራሉ።

መልሱን በሁለት መስመር ልልክልህ ነበር። እምቢ አለኝ። ጥያቄህ የአጎቴን ልጅ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ትንሽ ታገሠኝ። ሌሎቻችሁም ብታነቡት አልጠላም። ጠመንጃ ባትገዙ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ትገዙ ይሆናል።

የአጎቴ ቤት ከትክል ድንጋይ ወረድ ብሎ ነበር። ትልቁ ልጃቸው እኔን በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። ነገሩ የሆነው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ጠመንጃ የሌለው ጎልማሳ ሠርግ ቤት እንኳ ጥግ ላይ ነበር የሚቀመጠው። የአጎቴ ልጅ ግን ጠመንጃ የፈለገው ለሠርግ አልነበረም። አደን ይወድ ነበር። አባቱ ቤልጅግ ጠመንጃ ነበራቸው። ለማንም አያውሱም፤ ለልጃቸውም ቢሆን። እሱም ቢሆን «ይከብደኛል፣ ገደል ለገደል የሚወጣበት አይደለም» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከጎንደር ገበያ ሲመለስ አጭር የጣሊያን ጠመንጃ አንግቶ መጣ። ካርካኖ ነው፤ የፈረሰኞቹ አጭሩ። ጣሊያን ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ እንዲህ ያለው መሣሪያ በየመንደሩ ቀርቷል። ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ቱቦው 45 ሳንቲ ሜትር። አንገቼው ግቢውን ዞርኩ። ለእኔ ለልጁ እንኳ አልከበደኝም። የአጎቴ ልጅ ሳቅ ሳቅ እያለው ሰደፉን በጋቢው ጫፍ ይወለውላል።

ዋጋው በሬ ነበር። ጎጆ ሲወጣ አባቱ ከሰጡት ጥማድ አንዱን ሸጦታል። ከዚያ በኋላ በቀረው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገባ። ተራ ጠብቆ ማረስ ለድሃ ነውር አይደለም። ትናንት ጥማድ የነበረው ሰው ሲሆን ግን ያስወራል። አጎቴ አልተቆጡም። ዝም ነው ያሉት። እንደሳቸው ያለ ሰው ዝም ሲል ደግሞ ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል።

ጠመንጃው ጣጣ ነበረው። ካርካኖ ስድስት ጥይት አንድ ላይ በቆርቆሮ መያዣ ተሰድሮ ነው የሚጎርሰው። መያዣው ከሌለህ አንድ በአንድ ነው። ሻጩ መያዣ አልሰጠውም። ጥይቱም ከጣሊያን የተረፈው፣ ጓዳ ለጓዳ የከረመው ነው። አንዳንዱ ጭራሽ አይነሳም። ዋጋው ግን ሰማይ ነክቷል። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ኢላማ ተክሎ አልሞከረውም። ጥይት ለግንድ ይባክናል እንዴ?

ታኅሣሥ ላይ፣ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ወደ አንገረብ ወንዝ ወረድን። እኔ ውኃና ዳቦ ቆሎ ተሸካሚ ነኝ። ረፋዱ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ድኩላ ቆሞ አየን። ወንድ ነው፤ ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ። ርቀቱ አሁን ሳስበው መቶ እርምጃ አይሞላም። የአጎቴ ልጅ ተንበረከከ። ክንዱን ድንጋይ ላይ አሳረፈ። ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማኛል። ብዙ አዳኝ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ረጋ ብሎ ያነጣጠረ ሰው አላየሁም።

ተኮሰ። ድኩላው ወገቡን ሰበር አድርጎ ዘለለና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ሄደን አየን። ደም አለ። ግን ጥቁር ነው፤ ፈርስ የተቀላቀለበት። ሆዱን ነው ያገኘው። የአጎቴ ልጅ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ብብቱ ሥር ነው ያነጣጠርኩት» አለኝ። ደጋግሞ አለኝ።

እስኪመሽ ተከተልነው። ድኩላው ይተኛል፣ ኮቴያችንን ሲሰማ ተነሥቶ ይሄዳል። የተኛበትን ሣር እናገኛለን፤ እሱን አናገኝም። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ውኃው አለቀ። ጨለመብንና ተመለስን። ሌሊቱን ከወንዙ ማዶ ጅብ ሲጮህ ሰማን። በማግስቱ ብቻውን ሄዶ ቀንዱን ይዞ መጣ። ከቀንዱ በቀር የተረፈ አልነበረም።

መንደሩ ስም አወጣለት፤ «ተኩሶ አባራሪ» አሉት። መንደር ደግሞ ያወጣውን ስም አይመልስም። እሱም አመነበት። ዓይኔ ደክሟል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል ማለት ጀመረ። የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት! ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ብዙም ሳይቆይ የሰሊጥ ሥራ አለ ሲሉት ሁመራ ወረደ።

እኔ በኋላ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ገባሁ። ሶቪየቶች የረዱት አዲስ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ ነው ብረትን በእጄ ሳይሆን በዓይኔ ማየት የተማርኩት። መምህራችን አንድ ቀዳዳ ክብ ነው ብለን ከማለታችን በፊት ሦስት ቦታ እንድንለካ ያስገድዱን ነበር። ያን ጊዜ ጠልቻቸዋለሁ። አንድ ክረምት ወደ አጎቴ ቤት ሄድኩና ያንን ጠመንጃ ከግድግዳ አወረድኩት። ቃታውን፣ ጥይት የሚያጎርሰውን ተንሸራታች ብረት፣ አወጣሁ። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። ክብ አልነበረም። አንዱ ወገን ተበልቷል። ጥይት አንሥቼ አፍንጫውን በአፈሙዙ ሳስገባው እስከ ቀለሁ ድረስ ሰመጠ፤ ያውም ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ። ደህና ቱቦ ላይ ቀድሞ ይቆማል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከእሱ በፊት የያዘው ሰው፣ ወይም ከዚያ በፊት የነበረው፣ ቱቦውን ሲጠርግ በወፍራም ሽቦ ከአፈሙዙ በኩል ነበር የሚገባው። ብረት ብረትን ሲፍቅ ዓመት አለፈ። ጥይቱ ከቱቦው ሲወጣ በመጨረሻ የሚነካው ያንን ጠርዝ ነው። ጠርዙ አንድ ወገን ከተበላ የባሩዱ እሳት በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና የጥይቱን ጭራ ገፍቶ ያንጋድደዋል። ሮቢን ሁድ ራሱ ቢይዘው ያንን ድኩላ ሆዱን ነበር የሚመታው።

ለአጎቴ ነገርኳቸው። በደንብ ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ በሬው ይመለሳል?» አሉኝ።

ለልጃቸው ግን አልነገርኩትም። ሁመራ ወርዶ እዚያው ቀርቷል። ወባ ነው አሉ። ዓይኑ ደህና እንደነበር ሳያውቅ ነው የሞተው። ይኸ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ወደ አንተ ልመለስ። የላክልኝን ፎቶ አይቻለሁ። ዊንቸስተር ሞዴል 70 ፌዘርዌይት (እንዲቀል ተብሎ የተሠራው)፣ ጥይቱ .308። ምርጫህ መጥፎ አይደለም። ፌዘርዌይት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ .308 ጥይትም በዚያው ዓመት ነው ለገበያ የቀረበው። ጥይቱ በየሱቁ ይገኛል፤ ለእኔ ይኸ ከጠመንጃው ይበልጣል። አንዳንድ ልጅ ጠመንጃው ረከሰ ብሎ ይገዛና ጥይቱን ፍለጋ አገር ያካልላል። የአጎቴን ልጅ ዓይነት መሆን ነው።

የተሠራበትን ዓመት በተከታታይ ቁጥሩ አጣራ። እስከ 1963 የተሠሩት ቃታ ላይ ሰፊ ጥፍር አላቸው፤ ጥይቱ ገና ከካዝናው ሲወጣ ተረከዙን ይይዘዋል። በ1964 ርካሽ ለማድረግ ያንን ተዉት። በ1990ዎቹ መለሱት። ይኸ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። ጥፍሩ ከጀርመኑ ማውዘር የተወሰደ ነው፤ የአጎቴም ቤልጅግ ያው ማውዘር ነበር። ከጦርነቱ በፊት ንጉሡ ቤልጅግ ያሠሩት ፋብሪካ፣ ኤፍ ኤን፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ለተወሰኑ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ይህንን ሞዴል 70 ሲሠራ ነበር። ይኸን ሳውቅ ብቻዬን ስቄያለሁ።

«ቀላል ስለሆነ ወደድኩት» ብለሃል። እዚህ ላይ ልያዝህ። ቀላል ጠመንጃ የሚቀለው ስታነግተው ነው፤ ስትተኩሰው ይከብዳል። ያው ጥይት ከ4 ኪሎ ጠመንጃ ወደ 3 ኪሎ ሲወርድ ትከሻህን የሚመታው ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። ሰው አንዴ ክፉኛ ከተመታ በኋላ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። ራሱም አያውቀውም። ቀጭኑ ቱቦ ደግሞ ቶሎ ይግላል። ሦስት አራት ጥይት በላይ በላይ ብትተኩስ ምቱ ቦታውን ይለቃል። ጠመንጃው ተበላሽቷል ብለህ አትፍረድ፤ አብርደህ እየው። ሦስት ኪሎ የተባለውም ባዶውን ነው። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ከነማሰሪያው፣ ማንገቻውን፣ ጥይቱን ስትጨምርበት ከግማሽ ኪሎ በላይ ይጨምራል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ አንድ አመል አላችሁ። ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ግራም ለግራም ታወዳድራላችሁ፣ ከዚያ ከመኪናው ሳትርቁ አምስት መቶ ሜትር ልተኩስ ትላላችሁ። ቀላል ጠመንጃ የሚገዛው እኮ ተጠግቶ ለመተኮስ፣ ተራራውን በእግር ለመውጣት ነው። የማትወጣ ከሆነ ከባዱን ግዛና ተረጋግተህ ተኩስ። አንድ ነገር ግን አደንቅላችኋለሁ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ትጠይቃላችሁ። በእኛ ጊዜ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያሳፍረው ነበር።

እዚሁ ጎንደር ሆናችሁ ይህንኑ የምትጠይቁኝም አላችሁ። ለእናንተ መልሴ አትግዙ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ከሰው እጅ መግዛት ያስጠይቃል። አደን የራሱ ፈቃድ አለው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም፤ ፓርኩ ራሱ ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ጠመንጃ አንግቶ መንገድ ላይ የታየን ልጅ «አዳኝ ነህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

አንተ ግን ብረቱን ስታይ ከቀለሙ አትጀምር። ሰደፉ ላይ ያለ ጭረት ምንም አይደለም፤ ተራራ የወጣ ጠመንጃ ይጫራል። የቡሎኖቹን ራስ እይ። ከተላጡ የማያውቅ እጅ ፈቶታል ማለት ነው። እንጨቱ ከቃታው ኋላ ስንጥቅ እንዳለው መብራት አብርተህ ፈልግ። አፈሙዙን በጣትህ ዳብሰህ ጠርዙን አጥና፤ በእርግጥ ባዶ መሆኑን ማየት እንዳለብህ አልነግርህም፤ እሱን ካላወቅክ ጠመንጃ አትያዝ። ቃታው ሲዘጋ ያለው ክፍተት በመለኪያ ነው የሚታወቅ። እሱን ለባለሙያ ክፈል። አንዳንድ ፋብሪካ ምላጩ ችግር አለበት ብሎ የሸጠውን መልሶ የጠራበት ጊዜ አለ፤ ቁጥሩን ይዘህ ጠይቅ። ሻጩም ፈቃድህን አስመዝግቦ ማረጋገጫ ቁጥር ሳይቀበል አያስረክብህም፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ካናዳ ሕጉ እንዲያ ነው። «እሱ ይቅር» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ቻው በለው።

እኔ ብሆን እንደዚያ ተጠንቅቄም አዲስ ነበር የምገዛው። አዎ፣ ምርጫህ መጥፎ አይደለም ብዬሃለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። አንተ ወጣት ነህ፣ ገንዘብህን ለጥይትና ለልምምድ ብታተርፈው ይሻላል። እኔ ደግሞ አንዴ የተበላ አፈሙዝ ያየሁ ሰው ነኝ።

ሻጩን ተኩሼ ልሞክረው በለው። በገዛኸው የፋብሪካ ጥይት፤ እሱ ቤቱ በእጁ የሞላውን ጨምሬ ልስጥህ ካለህ አመስግነህ ተወው። አላስተኩስም ካለ ተመለስ። እሺ ካለ ግን ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የአፈሙዙን ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝ። በቀን ብርሃን፣ ቀረብ አድርገህ፣ ከፊት ለፊት። ያለፈው የላክኸው ከጎን ስለሆነ አይታይም።