በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራይና አከራይ፦ የምጣዱ ድርሻ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ ከአከራያችን ጋር በአንድ ቆጣሪ የምንጠቀም ተከራዮች ነን። ባለፈው ወር ቆጣሪው 340 ኪሎዋት ሰዓት ቆጥሯል። አከራያችን «ምጣድ ያላችሁ እናንተ ናችሁ» በማለት የመብራቱን ሒሳብ ግማሽ እንድንከፍል ጠይቀውናል። እኛ ያለን በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል የምንጋግርበት ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያና አራት አምፖል ነው። እርሳቸው ቦይለር፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ፍሪጅ አላቸው። ነገሩ ወደ ቅያሜ ሳይሄድ የየራሳችንን ድርሻ እንዴት መገመት እንችላለን?
ተከራይ

መልስ፦ የእያንዳንዱ ዕቃ ኃይል ጀርባው ወይም ሥሩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ በዋት ተገልጿል። ይህን ቁጥር ዕቃው በወሩ ውስጥ በሠራባቸው ሰዓታት አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉ፣ ቆጣሪው የሚቆጥረውን ኪሎዋት ሰዓት ታገኛላችሁ። ግምት የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በዋቱ ሳይሆን በሰዓቱ በኩል ነው፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የዋለ ዕቃ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ኃይል ሲስብ አይውልምና።

በምጣዱ እንጀምር። በገበያ ላይ የሚገኙት የኤሌክትሪክ ምጣዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባሉ። ሲሰካ የቤቱ መብራት ደብዘዝ ስለሚል ስሙ መጥፋቱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ የእናንተ 3,500 ዋት ነው ብንል፣ እስኪግል ያለውን ጊዜ ጨምሮ በሁለት ሰዓት የሚፈጀው 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር ደግሞ 30 ገደማ ነው።

ፍሪጁ ላይ 120 ዋት ተጽፎ ከሆነ በ24 ሰዓት ማባዛት አይገባም፤ ሞተሩ ቅዝቃዜው በቂ ሲሆን ራሱን ያጠፋል። ከቀኑ ሰዓት ሲሶውን ወይም ግማሹን ይሠራል ብሎ መገመት ይበቃል፤ ይህም በወር ከ29 እስከ 43 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በመካከሉ 35 እንያዝ። የበሩ ጎማ ያረጀ እንደሆነ ግን ወደ ላይኛው ቁጥር አልፎም ይሄዳል። 80 ዋት የሆነ ቴሌቪዥን በቀን አምስት ሰዓት ቢከፈት በወር 12፣ አራት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች በተመሳሳይ ሰዓት 5 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳሉ። ካውያውም ሲግል ራሱን እያጠፋ ስለሚሠራ 4 ብንሰጠው አናንስበትም። ድምሩ 87 ገደማ ይሆናል፤ ከ340ው አንድ አራተኛ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቦይለሩ እንለፍ። የውሃውን ሊትር በሚጨምረው የሙቀት ዲግሪ አባዝቶ ለ860 ማካፈል የሚፈጀውን ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 2.4 ያህል ይወጣል፤ በየቀኑ አንድ ጊዜ የሚሞላና የሚያልቅ ከሆነ በወር ከ70 ይበልጣል። ሌሊቱን ሳይጠፋ ሲያድር ደግሞ ማንም ሳይታጠብበት የሚባክነው ሙቀት በዚህ ላይ ይታከላል። 1,500 ዋት የሆነ ምድጃ በቀን ሁለት ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ከሠራ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ለዘገምተኛ ወጥ ምድጃውን ቀንሶ ድስቱን መክደን ይህን ቁጥር በግልጽ ያወርደዋል። እነዚህ ሁለቱ ብቻ የምጣዳችሁን አምስት እጥፍ ይበልጣሉ። በየዕለቱ የሚሞቅ ነገር በሳምንት አንዴ ከሚግል ምጣድ ይልቅ ሒሳብን የሚያሳድግ መሆኑን አከራያችሁም ቁጥሩን ሲያዩ የሚቀበሉት ይመስለናል።

ግምቱ ጥርጣሬ ካስነሣ ቆጣሪው ራሱ ይመስክር። በዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ቀይ ብልጭታው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚበራ ተጽፏል። 1,600 ከሆነና አከራያችሁ ባሉበት በግቢው ያለው ሌላ ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ ምጣዱ ብቻ ሲሠራ በአንድ ደቂቃ 93 ጊዜ ያህል ብልጭ ካለ፣ በእርግጥም 3,500 ዋት ይስባል ማለት ነው። በዚሁ መንገድ ቦይለሩንና ምድጃውን መለካት ይቻላል፤ ፍሪጅ ግን በደቂቃ ሳይሆን ሙሉ ቀን ታይቶ እንጂ አይለካም።

ወደ ብር ስትለውጡት የጎረቤት ቤት ዋጋ አትዋሱ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የፍጆታ እርከን ስላለው ብዙ የሚጠቀም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ ይከፍላል። ለምሳሌ በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ታሪፍ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ ከ51 እስከ 100 ላለው እርከን 0.767 ብር፣ ከ301 እስከ 400 ላለው ደግሞ 2.20 ብር ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው እንደገና ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ፣ የወሩን የኃይል ፍጆታ ክፍያ ለ340 አካፍላችሁ የምታገኙት አማካይ ዋጋ የቆየ ሠንጠረዥ ከመያዝ ይሻላል። ቋሚውን የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው አውጥታችሁ እኩል መካፈል ትችላላችሁ።

ከእርከኑ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። ለብቻችሁ ቆጣሪ ቢኖራችሁ ኖሮ 87ቱ ኪሎዋት ሰዓት በዝቅተኛው እርከን አካባቢ ይቆም ነበር፤ አሁን ግን የሁለት ቤት ፍጆታ ተደምሮ ሁላችሁንም ወደ ውዱ ዋጋ አውጥቷችኋል። ስለዚህ አከራያችሁ አንድ አራተኛውን ቢቀበሉም እንኳ በጋራ ቆጣሪው የምትጎዱት በይበልጥ እናንተ ናችሁ። ዘላቂው መፍትሔ በአከራያችሁ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የራሳችሁን ቆጣሪ መጠየቅ ነው። እስከዚያው ድረስ ወደ ክፍላችሁ በሚገባው መስመር ላይ በኤሌክትሪክ ባለሙያ የውስጥ ቆጣሪ አስገጥማችሁ፣ የዋናው ቆጣሪ ንባብ በሚወሰድበት ዕለት ሁለቱንም ቁጥሮች ከአከራያችሁ ጋር አብራችሁ መዝግቡ።