በወረቀት ላይ ያረፈ ዱቄት፦ ቅርስ ለመጠበቅ ለምትሰናዱ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በወረቀት ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን ስጠብቅ አሳልፌአለሁና፣ ወደዚህ ሙያ ለምትገቡት ስለ ፓስቴል ልጻፍላችሁ።

በ1918 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር ስምንት ሠዓሊዎችን በሻምበል ማዕረግ ሾሞ፣ በፈረንሳይ ምድር የሚካሄደውን ጦርነት እንዲሥሉ ላከ። ሥራዎቻቸው፣ ወደ 500 የሚጠጉት፣ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይጠበቃሉ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚስቡኝ በከሰልና በፓስቴል የተሠሩት ናቸው። ከጦር ግንባር የቆመ ሰው የዘይት ቀለም እስኪደርቅ መጠበቅ አይችልም። ፓስቴል ግን የቀለም ዱቄት ከነጭ አፈርና ከጥቂት ሙጫ ጋር ተለውሶ የደረቀ በትር በመሆኑ ውሃም ብሩሽም አይሻም፣ ወረቀቱን እንደነካ ሥራው አብቅቷል። ከሠዓሊዎቹ አንዱ የነበረው ሃርቪ ደን ጥቅል ወረቀት የሚሽከረከርበት ሳጥን ይዞ ይዞር ነበር፤ አንዱን ሥሎ ሲጨርስ ወረቀቱን አዙሮ ወደ ሌላው ያልፋል። ከጦርነቱ በኋላ ረቂቆቹን ወደ ትልልቅ ሥዕሎች ሊያሳድጋቸው ተመኝቶ ሳለ ጦሩ በ1919 አሰናበተው። እንግዲህ በችኮላ የተሠራ የሚመስላችሁ መስመር ሁሉ የዚያች ሰዓት ምስክር ነውና፣ ልታስተካክሉት አትሞክሩ።

ይህን የምለው ጥፋት ፈጽሜ ስለተማርሁ ነው። ሙጫው ጥቂት ስለሆነ የፓስቴል ዱቄት ወረቀቱ ላይ ያርፋል እንጂ አይጣበቅም፤ እኔም በወጣትነቴ የአንድ ሰው ፊት የተሣለበትን ፓስቴል እንዳይረግፍ ብዬ ማጣበቂያ ፈሳሽ ረጨሁበት። ግንባሩ ላይ የነበረው ብርሃን በዓይኔ ፊት ጠቆረ፣ ዳግመኛም አልተመለሰም። ዛሬም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ፓስቴልን በፕላስቲክ አትሸፍኑ፤ ፕላስቲክ ሲወለወል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል ዱቄቱን ከወረቀቱ ይስበዋል። መስታወት ተጠቀሙ፣ በመስታወቱና በሥዕሉ መካከልም ክፍተት ተዉ። መብራቱ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይብለጥ። ከክፈፉ ግርጌ የረገፈ ዱቄት ብታዩ ለመጥረግ አትቸኩሉ፤ ፎቶ አንሱት፣ ከየትኛው የሥዕሉ ክፍል እንደወረደ ከነቀኑ መዝግቡ፣ ከዚያም ክፈፉን ፊቱን ወደ ላይ አስተኝታችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ፣ ሳታንቀጠቅጡ ተሸከሙት።