ሕጉ ከወጣ በኋላም ሕፃናቱ ከፋብሪካ ለምን አልወጡም?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1833 ባወጣችው ሕግ ዕድሜያቸው ከ9 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይቀጠሩ መከልከሏን ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ «ታዲያ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሕፃናት ሲሠሩ የኖሩት ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሕጉ ባዶ ወረቀት ነበር ማለት ነው?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ባዶ ወረቀት ነበር ለማለት ያስቸግራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1802 እና በ1819 የወጡት ሕጎች የሚያስፈጽማቸው ራሱን የቻለ አካል ስላልነበረ ብዙም አልሠሩም፤ የ1833ቱ ግን በፈለጉት ጊዜ ወደ ፋብሪካ የመግባት ሥልጣን ያላቸው 4 ተቆጣጣሪዎችን ሾመ። ዕድሜያቸው 13 ያልሞላ ልጆች በቀን ከ9 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ እስከ 18 ያሉት ደግሞ ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ። ለመላው አገር 4 ሰው፣ ረዳቶች ቢኖሯቸውም፣ እጅግ ጥቂት መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በእኔ ግምት ሕጉን ይበልጥ ያሽመደመደው የልጆቹን ዕድሜ ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው።

በእንግሊዝ የመንግሥት የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 አጋማሽ ስለነበር፣ ሕጉ የዕድሜን ጉዳይ ለሐኪም ተወው። ሐኪሙ ልጁን ከፊቱ አቁሞ፣ አቋሙና ጉልበቱ የተባለውን ዕድሜ የሚመጥን መስሎ ከታየው የምስክር ወረቀት ይጽፍለታል። 13 ዓመት የሞላው የተባለ ልጅ 3 ሰዓት ጨምሮ መሥራት ስለሚችል፣ ወላጅም አሠሪም ዕድሜውን ከፍ አድርጎ መናገር ይጠቅማቸው ነበር። ነገሩ እንዲህ ግራ ቢያጋባ ጊዜ አንድ የለንደን የጥርስ ሐኪም ከ1000 በላይ ሕፃናትን መርምሮ፣ ከቁመት ይልቅ ጥርስ የታመነ ምስክር ነው ሲል በ1837 ለፓርላማ አቀረበ። በግ ገዢ በገበያ ከንፈር ገልጦ ዕድሜ እንደሚያይ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቅጥሩ ሁኔታ ነው። በጥጥ መፍተያ ክፍል ሕፃናቱን የሚቀጥረው ብዙ ጊዜ ባለፋብሪካው ሳይሆን ፈታዩ ራሱ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ እንዝርቶች የተሸከመውን፣ በወለሉ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰውን ማሽን የሚያሠራው ይህ ሰው የሚከፈለው በፈተለው ክር ልክ ሲሆን፣ ከዚያው ላይ ቆርሶ የተበጠሰ ክር የሚቀጥሉና ከማሽኑ ሥር እየዳኹ የወደቀ ጥጥና ብናኝ የሚጠርጉ ልጆችን ያሠራል፤ ከእነዚህም ውስጥ የገዛ ልጆቹና የዘመዶቹ ልጆች ጥቂት አልነበሩም። ክሩ እንዳይበጠስ ሲባል ክፍሉ ሞቃትና እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ማሽኑ ተመልሶ ሲመጣ ፈጥኖ ወለሉ ላይ ያልተለጠፈ ጠራጊ ጣቱን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ያጣል፤ መጥረጉ ግን የሚከናወነው ማሽኑ እየሠራ ነው። እንዲህ ባለው አሠራር ልጁ ሲከለከል የሚጎድለው የአባቱ ገቢ ስለሆነ፣ ለተቆጣጣሪው እውነቱን የሚነግረው ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ሕጉ ሕፃናቱ በቀን 2 ሰዓት እንዲማሩ ቢያዝም፣ ተቆጣጣሪዎቹ መጻፍ በማይችል «መምህር» የመስቀል ምልክት የተፈረመ የትምህርት ምስክር ወረቀት ማግኘታቸውን ዘግበዋል።

ለተማሪዎ የ1844ቱን ሕግም ቢጠቅሱለት መልካም ነው። ይህ ሕግ አደገኛ ማሽኖች እንዲታጠሩ፣ የሴቶች የሥራ ሰዓትም እንዲወሰን አድርጓል፤ የልጆችን የሥራ ቀን ወደ 6 ሰዓት ተኩል ሲያወርድ ግን መነሻ ዕድሜውን ከ9 ወደ 8 ዝቅ አደረገው። የቀኑን ግማሽ በፋብሪካ፣ ግማሹን በትምህርት ቤት የማሳለፉ ልማድም ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ፤ በ1901 የመነሻ ዕድሜው ወደ 12 ከፍ ካለ በኋላ እንኳ ቀጥሎ፣ እንዲቀር የተወሰነው በ1918 በወጣው የትምህርት ሕግ ነው።