ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው የሰው ልብ ያነባል?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ሳይኮሎጂ ልማር ነው። ቤት ውስጥ ግን መቀለጃ ሆኛለሁ። አጎቴ ባየኝ ቁጥር «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «ዕድሜሽን ሙሉ ከታመመ ሰው ጋር ልትውዪ ነው?» እያለች ትጨነቃለች። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ለመሆኑ ትምህርቱስ ምን ምን ዘርፍ አለው?
ልቧ ያልረጋ ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ለአጎትሽ መልሱ ቀላል ነው፤ የሰው ሐሳብ የሚያነብ ሳይኮሎጂስት የለም። እንዲያውም ይህ ትምህርት ሰውን አይቶ ቶሎ መፍረድን ያስተውሻል። «እንዲህ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው» ባልሽ ቁጥር መምህርሽ «በምን አወቅሽ?» ይልሻል። አጀማመሩም እንደዚያው ነው። ቪልሄልም ቩንት የተባለ ተመራማሪ በ1879 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ላይፕዚግ፣ ጀርመን ውስጥ የሳይኮሎጂ ላብራቶሪ ሲከፍት ከሚለኩት ነገሮች አንዱ፣ ሰው ድምፅ ሰምቶ ቁልፍ እስኪነካ ድረስ የሚፈጅበት ቅጽበት ነበር። ምሥጢር የለውም፤ ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ።

ዘርፎቹን በስም ከምደረድርልሽ አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ። ሄንሪ ሞሌይሰን ይባላል። ከባድ የሚጥል በሽታ ነበረበት። በ1953፣ የ27 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሐኪሙ በሽታውን ለማስታገስ ብሎ በአንጎሉ ግራና ቀኝ ካለው ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል ከፊሉን አወጣለት። በሽታው ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ ነገር አእምሮው ውስጥ አልቀመጥ አለ። አብሮት ያወራ ሰው ወጣ ብሎ ሲመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል።

ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ አንድ ሥራ ሰጠችው። ወረቀት ላይ በድርብ መስመር የተሣለ ኮከብ አለ። ከመስመር ሳይወጡ በሁለቱ መስመሮች መካከል በእርሳስ መዞር ነው። ችግሩ፣ እጁንና ወረቀቱን የሚያየው በመስታወት ብቻ መሆኑ ነው። እቤት ሞክሪው። ማዕዘኑ ጋ ስትደርሺ እጅሽ እንቢ ይልሻል፤ ወደፊት ስትዪው ወደኋላ ይሄዳል። ሄንሪም መጀመሪያ ላይ ተቸገረ። በሦስት ቀን ውስጥ ግን ስህተቱ እየቀነሰ፣ እጁ እየተፍታታ ሄደ። የሚገርመው፣ በየቀኑ ሥራው ሲቀርብለት ከዚህ በፊት አይቶት እንደሚያውቅ አያስታውስም። እጁ የለመደውን እሱ አያውቀውም።

አሁን ዘርፎቹን ተመልከቺ። «የተጎዳው የትኛው የአንጎል ክፍል ነው?» የሚለው ባዮሎጂካል ሳይኮሎጂ ነው። «ታዲያ ትውስታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ስንት ዓይነት ነው?» የሚለው ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ነው፤ ትኩረትን፣ ቋንቋን፣ ውሳኔን የሚያጠናውም እሱ ነው። «ይህ ሰው እንዴት ይኑር? በምን ይረዳ?» የሚለው ደግሞ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ነው። እናትሽ የምታውቀው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሰውየው አንድ፣ ጥያቄው ሦስት።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። የእድገት ሳይኮሎጂ ሰው ከሕፃንነት እስከ እርጅና እንዴት እንደሚለወጥ ያጠናል። ዣን ፒያዤ የተባለ ተመራማሪ የሕፃን መጫወቻ በጨርቅ ሸፈነ። ከስምንት ወር በታች ያለው ሕፃን ጨርሶ አልፈለገውም፤ ከዓይን ሲጠፋ ከዓለም የጠፋ ያህል ነው። የመማር ሳይኮሎጂ ልማድ እንዴት እንደሚያዝ ይጠይቃል፤ ፓቭሎቭ የተባለ ሩሲያዊ ሳይንቲስት ያጠናቸው ውሾች ምግብ ገና ሳይመጣ የምግቡን ምልክት ብቻ ሰምተው ለሃጫቸው መውረዱ የዚህ ምሳሌ ነው። ማኅበራዊ ሳይኮሎጂ ደግሞ ሰው በሰው መካከል ሲሆን ምን እንደሚሆን ያያል። በ1951 ሰሎሞን አሽ የተባለ ተመራማሪ ሰዎችን በቡድን አስቀምጦ የመስመር ርዝመት አስነጻጸረ፤ መልሱ ለዓይን ግልጽ ነው። በየቡድኑ ከአንዱ ሰው በቀር ሌሎቹ ተሳታፊዎች ግን ሆን ብለው እንዲሳሳቱ ተመክረው ነበር። ምንም ከማያውቁት ሰዎች ሦስት አራተኛው እጅ ቢያንስ አንዴ ዓይናቸውን ክደው ከብዙኃኑ ጋር ሄዱ። በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ የሚሠራበትም ዘርፍ አለ። አንደኛ ዓመት ላይ ለመምረጥ አትቸኩዪ፤ የትኛው ጥያቄ እንቅልፍ እንደሚነሳሽ መጀመሪያ እዪ።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ተኳርፈናል። ልጆች ሳለን አባታችን በሌሊት ሲታመም ሮጬ ሰው የጠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። እሱ ግን «የጠራሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ተኝተህ ነበር» ይላል። አንዳችን መዋሸታችን ግልጽ ነው አይደል?

መልስ፦ ወዳጄ፣ ግልጽ አይደለም። ሁለታችሁም ከልባችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ትውስታ ተቀርጾ የተቀመጠ ፊልም አይደለም፤ ባነሳነው ቁጥር እንደገና እንሠራዋለን። ስንሠራው ደግሞ በኋላ የሰማነው ይገባበታል።

ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 ተማሪዎችን የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። አንዱን ቡድን «መኪናዎቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሌላውን «ሲደቃቀሱ» ብለው ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» አሏቸው። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት የለም። «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 ሰዎች 7ቱ፣ «ሲደቃቀሱ» ከተባሉት 50 ደግሞ 16ቱ «አዎ» አሉ። አንድ ቃል ነው መስታወቱን የሰበረው።

«ዓይኔ ላይ አለ» ማለትህም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር በ1986 በፈነዳ ማግስት ተማሪዎች ዜናውን የትና እንዴት እንደሰሙ እንዲጽፉ ተደረገ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ሲጠየቁ የብዙዎቹ ታሪክ ተለውጦ ነበር። እርግጠኝነታቸው ግን አልቀነሰም። እናንተም ያን ሌሊት ለዓመታት ስታወሩት፣ አንዱ ከሌላው ሲሰማ ኖራችኋል። ወንድምህን «ውሸታም» ያልከው እንደሆነ ያን ቃል መልስ። እናታችሁ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው እዚያ ከነበረ ለየብቻ ጠይቁ፤ ደግሞም «ማን ሮጠ?» በሉ እንጂ «እኔ አይደለሁም ወይ የሮጥኩት?» አትበሉ።

ጥያቄ፦ እንቅልፍ እንቢ ካለኝ ሰነበተ፤ ደስ ይለኝ የነበረው ሁሉ አስጠልቶኛል። ሳይኮሎጂስት ጋ ልሂድ ወይስ ሳይካትሪስት?

መልስ፦ ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕመም የሠለጠነ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግር ሕክምና ይረዳል፤ በመጠይቅና በፈተናም ይመረምራል። ብዙ ጊዜ ተጋግዘው ይሠራሉ። ስለዚህ ቀድሞ ያገኘኸው ጋ ግባ፤ ከተሳሳትክም ወደ ሌላው ይልክሃል። የተከፋ ስሜት ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ችግርም እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል የደም ምርመራ ብትታዘዝ አትገረም። መሞትን ማሰብ ከጀመርክ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገርና አብሮህ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።