ለመርከብ ሽርሽር ኢንሹራንስ ልግዛ ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኦክቶበር ላይ ከባልቲሞር ተነስቶ ወደ ባሃማስ የሚሄድ የሰባት ሌሊት ክሩዝ ይዘናል። የምንሄደው እኔ፣ ወንድሜ፣ እናታችንና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው አክስታችን ነን። ጠቅላላው ወደ 5,200 ዶላር ነው፤ ቀብዱን ከከፈልን አሥር ቀን ገደማ ሆኖናል። እማዬ 69 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ መድኃኒቷን ግን በሥርዓት ትወስዳለች። ትኬቱን ስገዛ የመርከብ ድርጅቱ ኢንሹራንስ ጨምሪ ብሎኝ ነበር፣ ዘለልኩት። ወንድሜ "እማዬ ሜዲኬር አላት፣ አንቺ ደግሞ የከፈልሽው በክሬዲት ካርድ ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ገና ሳንሄድ አታሟርቺብን" ይለኛል። እኔን ግን ሐሳብ ገብቶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ ግዢ። ለእናትሽ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትዪ በዚህ ሳምንት ግዢ። ለምን እንደማስቸኩልሽ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ብዙ ሰው ስለ ክሩዝ ኢንሹራንስ ሲያስብ መጀመሪያ የሚታየው የትኬቱ ገንዘብ ነው። "ባንሄድ ያ ሁሉ ብር ይቀልጣል ወይ?" ይላል። 5,200 ዶላር ማጣት ያማል፣ ግን ቤተሰብ አይበትንም። እኔ የምፈራላችሁ ሌላውን ነው። እናትሽ ባሕር ላይ ብትታመም የሐኪሙን፣ የሆስፒታሉን፣ ከዚያም አልፎ ወደ አሜሪካ የሚመልሳትን አውሮፕላን ማን ይከፍላል? ውሳኔሽ ከዚህ ይነሳ።

ወንድምሽ ሜዲኬርን፣ ማለትም የመንግሥቱን የአዛውንቶች የጤና ኢንሹራንስ፣ ማመኑ አይፈረድበትም፤ እዚህ አገር ሆስፒታል ሲኬድ ይሠራላ። ከአሜሪካ ውጭ ግን ሜዲኬር በአብዛኛው አይከፍልም። መርከብ ላይ የሚከፍለው መርከቡ አሜሪካ ወደብ ላይ ካለ ወይም ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት በላይ ካልራቀ ብቻ ነው። የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ላይ ሆስፒታል ብትገባማ ሜዲኬር የለም ብለሽ ቁጠሪው። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው ሜዲኬይድም እንደዚያው ነው፣ ከአገር ከወጣሽ አይከተልሽም። እናትሽ ሜዲጋፕ የሚባለው ተጨማሪ ካላት ትንሽ ይሻላል። ከዓይነቶቹ መካከል ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤም እና ኤን የሚባሉት በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ውስጥ ለሚያጋጥም የውጭ አገር ድንገተኛ ሕክምና፣ መጀመሪያ 250 ዶላር ከራስሽ ከከፈልሽ በኋላ፣ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ። ጣሪያው ግን ለዕድሜ ልክ 50,000 ዶላር ነው። በግል ድርጅት በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ከሆነ የያዘችው፣ ካርዷ ጀርባ ባለው ስልክ ደውለሽ "ባሃማስ ላይ ድንገተኛ ሕክምና ትከፍላላችሁ ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። አንዳንዶቹ ይከፍላሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም።

መርከብ ላይ ሐኪምና ነርስ አለ፣ ትንሽ ክሊኒክም አለ። ከፍ ያለ ነገር ሲመጣ ግን በሽተኛዋን አረጋግተው በሚቀጥለው ወደብ ያወርዷታል እንጂ እዚያው አያክሟትም። የክሊኒኩ ሒሳብ እንደ ምግብና መጠጡ በክፍላችሁ ሒሳብ ላይ ይጻፋል፤ የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ካርድ አይቀበሉም። ከፍላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ደረሰኝ ይዛችሁ በኋላ መጠየቅ ነው። የግል ሆስፒታሎች ደግሞ በብዙ ቦታ የክፍያ ዋስትና ሳያዩ ተኝቶ ታካሚ አይቀበሉም። ሐኪም ያለበት አውሮፕላን ሲጨመርበት ሒሳቡ ከ100,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ዕዳ ሲመጣ እኛ ሰዎች የምናደርገው የታወቀ ነው፤ ጎፈንድሚ ተከፍቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ተለምኖ፣ ዘመድ ወዳጁ ያለችውን አዋጥቶ ነው። ማኅበረሰባችን ለዚህ ደግ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን በጥቂት ዶላር ሊሸፈን የሚችል ነገር ለምን እዚያ ይድረስ?

ክሬዲት ካርዱስ? ጥሩ የሚባሉት ካርዶች ጉዞ ሲሰረዝ የትኬቱን ገንዘብ እስከተወሰነ መጠን ይመልሳሉ። የሕክምናው ሽፋን ግን ወይ የለም ወይ ትንሽ ነው፤ አስቀድሞ የነበረ ሕመምንም ብዙ ጊዜ አይነኩም። ስኳርና ግፊት ላለባት እናት ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነው።

አሁን ወደ ጥድፊያው ልምጣ። የጉዞ ኢንሹራንስ ድርጅቶች አስቀድሞ የነበረ ሕመምን ከሽፋን ያወጣሉ። ይህን ለማወቅ ኢንሹራንሱ ከተገዛበት ቀን ወደ ኋላ ከ60 እስከ 180 ቀን ያለውን የሕክምና መዝገብ ያያሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ ሕመም ብቻ ሳይሆን የመድኃኒት መጠን መቀየር ራሱ ሊቆጠር ይችላል፤ ሐኪሟ የግፊት መድኃኒቷን ከፍ አድርጎት ከሆነ በቂ ነው። ሆኖም ብዙ ድርጅቶች ይህን ገደብ ያነሳሉ፤ ቅድመ ሁኔታው ግን የመጀመሪያውን ቀብድ በከፈላችሁ ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መግዛት፣ የእሷን የማይመለስ ወጪ በሙሉ ማስመዝገብና በገዛሽበት ቀን ለመጓዝ በሚያስችላት ጤና ላይ መሆኗ ነው። አንቺ አሥረኛው ቀን አካባቢ ነሽ። ቀኑ ካለፈ ኢንሹራንሱን ትገዢዋለሽ፣ ከሁሉ በላይ ለሚያሳስብሽ ነገር ግን ላይሠራ ይችላል።

ከመግዛትሽ በፊት ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለሽ እውነቱን ተነጋገሪ። እናቶቻችን ልጅ እንዳይጨነቅ ብለው "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ይላሉ፣ የደረት ውጋቱን ለሐኪም ነግረው ለልጅ ይደብቃሉ። ካሳ ሲጠየቅ ግን ድርጅቱ የሚያየው የሐኪሙን መዝገብ ነው።

የመርከብ ድርጅቱ ያቀረበልሽን ወይስ ሌላ? የእነሱ አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ በዕድሜ አይጨምርም፣ ስለዚህ ለአዛውንት ሊረክስ ይችላል። ነገር ግን የሕክምና ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ አንዳንዱ 10,000 ወይም 25,000 ዶላር ላይ ይቆማል። በሽፋን ዝርዝሩ ውስጥ በሌለ ምክንያት ብትቀሪም ብዙ ጊዜ የምታገኚው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ለሌላ ጊዜ ጉዞ የሚሆን ክሬዲት ነው። እኔ ብሆን ለእናቴ ከሌላ ድርጅት፣ ቢያንስ 100,000 ዶላር ለሕክምና፣ 250,000 ዶላር ደግሞ በሽተኛን በአውሮፕላን ለማጓጓዝ የሚሸፍን እፈልጋለሁ። ሙሉው ዓይነት ኢንሹራንስ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከጉዞው ወጪ ከ4 እስከ 10 በመቶ ነው፣ በዕድሜም ይጨምራል። ገዝተሽ የውሉን ወረቀት ስታነቢ ካልተስማማሽ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ቀን ውስጥ መልሰሽ ገንዘብሽን መውሰድ የሚያስችል ጊዜ በአብዛኛው ይሰጣል። "በማንኛውም ምክንያት ብሰርዝ" የሚለው ተጨማሪ ውድ ነው፣ የሚመልሰውም ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ ነው፤ ላንቺ አያስፈልግሽም።

አንቺና ወንድምሽ ጤነኛ ከሆናችሁ ለራሳችሁ ሕክምናና ማጓጓዣ ብቻ የሚሸፍነው ርካሹ ይበቃችሁ ነበር። ግን እማዬ ከጉዞው በፊት ታማ ብትቀር እናንተ ትሄዳላችሁ? አትሄዱም። ስለዚህ የእናንተም ትኬት እንዲመለስ የስረዛ ሽፋን ለእናንተም ያስፈልጋል። በተጨማሪም ውሉ ውስጥ "የቤተሰብ አባል" ማን እንደሆነ አንብቢ። አገር ቤት ያለ ወላጅ ወይም ወንድም ሞቶ ለለቅሶ ብትቀሩ ብዙዎቹ ይከፍላሉ፣ የሞት የምስክር ወረቀት ግን ይጠይቃሉ። የአጎት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ እንደ ወንድም አብሮሽ ያደገ ቢሆንም።

አክስትሽ ጋ ስደርስ ግን ቆም በይ። የእሷ ጉዳይ ከኢንሹራንስ በፊት የቪዛ ጉዳይ ነው። ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ በአብዛኛው የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኗል። ባሃማስ ማለት ደግሞ ከአሜሪካ መውጣት ነው፤ መርከቡ የተነሳው ከባልቲሞር ቢሆንም ስትመለስ እንደ አዲስ ገቢ ትታያለች። ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ቪዛ አውጪና የመግቢያው ቁጥር "ኤም" (ብዙ ጊዜ መግቢያ ማለት ነው) መሆኑን እዪ። "ኤም" ካልሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሪ መርከብ ላይ እንዳታሳፍሪያት። የባሃማስን ቪዛም ለብቻው ጠይቂላት። በሰነድ ጉድለት ለተከለከለ ሰው ኢንሹራንስ አይከፍልም። ለጥየቃ ስትመጣ የገዛችሁላት ኢንሹራንስ ካለም ከአሜሪካ ውጭ ይሠራ እንደሆነ አረጋግጪ፤ ብዙው ገደብ አለው። መርከቡ የግድ ከሆነና ከአሜሪካ መውጣት ካልቻለች፣ ከሆኖሉሉ ተነስቶ በሃዋይ ደሴቶች ብቻ የሚዞረው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ የሚባል መርከብ አለ። ውድ ነው፣ ግን ከአገር አይወጣም።

እናንተ ዜግነት ያላችሁ ደግሞ ፓስፖርት ያዙ። ከአሜሪካ ተነስቶ እዚያው ወደብ ለሚመለስ መርከብ ሌላ የዜግነት ማስረጃና መታወቂያ ይበቃል ሲባል ትሰሚያለሽ። እውነት ነው፣ ግን እማዬን ናሶ ላይ አውርደው በአውሮፕላን መመለስ ቢመጣ ያለ ፓስፖርት ችግር ነው።

ወንድምሽ ሟርት ላለው፣ ዕድር የሚገባ ሰው ሞት ጠርቶ አይደለም በይው። ያልታሰበ ነገር ደግሞ እደጃችን ድረስ መጥቶ አይተናል፤ ማርች 26፣ 2024 የባልቲሞሩ የኪ ድልድይ ሲወድቅ ወደቡ ተዘግቶ ጉዞ ላይ የነበሩ የክሩዝ ተሳፋሪዎች ኖርፎክ ወርደው በአውቶቡስ ነው ባልቲሞር የገቡት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የኢንሹራንሱን የ24 ሰዓት ስልክ ስልክሽ ውስጥም ወረቀት ላይም ጻፊ። አየር ማጓጓዣ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ እነሱ ቀድመው ተጠይቀው ራሳቸው ሲያዘጋጁት ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከፍሎሪዳ የሚነሳ ክሩዝ ሙሉ ክፍያ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ኢንሹራንስ አልገዛሁም ነበር። አሁን ዜናው ስም የወጣለት ማዕበል እየመጣ ነው ይላል። ዛሬ ብገዛ ይሠራልኛል?
አ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ለዚያ ማዕበል አይሠራልዎትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ ለድርጅቶቹ "የታወቀ ነገር" ስለሚሆን ከዚያ በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ በእሱ ምክንያት ለሚመጣ ኪሳራ አይከፍልም። የአትላንቲክ የማዕበል ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ በእነዚህ ወራት ለሚጓዝ ሰው ቀብድ በከፈለ ሰሞን መግዛት ነው የሚበጀው።

ይሁንና ለሕክምናው ሲሉ አሁንም ይግዙ። ቀብዱን ከከፈሉ ስለቆዩ የቆየ ሕመም ካለብዎት ሊያወጡት ይችላሉና ሻጩን በግልጽ ይጠይቁ፤ ቢወድቁ፣ ቢሰበሩ፣ አዲስ ሕመም ቢመጣ ግን ይረዳዎታል። መርከቡን ራስዎ አይሰርዙ። ድርጅቱ ራሱ ከሰረዘ ገንዘብዎን ይመልሳል፤ እርስዎ ቀድመው ከሰረዙ ግን መነሻው ሲቃረብ ቅጣቱ እስከ ሙሉው ሊደርስ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት መንገድ መቀየር ነው። ባሃማስ ያሉዎት ሜክሲኮ ሊወስዱዎት ይችላሉ፣ ውላቸውም ይፈቅድላቸዋል፤ ለዚህ ካሳ አይጠብቁ። ወደ ፍሎሪዳ የሚበሩት ደግሞ መርከቡ በሚነሳበት ቀን ጠዋት እንዳይሆን። በዋዜማው ይድረሱ፤ መርከብ ቆሞ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ለንደን ነኝ። ከባርሴሎና የሚነሳ የሜዲትራኒያን ክሩዝ ከባለቤቴ ጋር ልንሄድ ነው። አውሮፓ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል ለመታከም የሚያገለግለው የእንግሊዝ ጂኤችአይሲ ካርድ አለን፣ ዓመታዊ የጉዞ ኢንሹራንስም አለን። ሌላ ያስፈልገናል?
ዳ.፣ ከለንደን

መልስ፦ ጂኤችአይሲ መርከብ ላይ አይሠራም፤ ታሞ ወደ እንግሊዝ መመለስንም አይሸፍንም። አውሮፓ መሬት ላይ ወርዳችሁ የመንግሥት ሆስፒታል ብትገቡ ይጠቅማል፣ ስለዚህ ያዙት። ዓመታዊ ኢንሹራንሳችሁን ግን ከፍተህ "ክሩዝ" የሚለውን ፈልግ። እንግሊዝ ውስጥ ብዙዎቹ ክሩዝን በተለየ ተጨማሪ ክፍያ ነው የሚያስገቡት፤ ያንን ካልጨመርክ የካሳ ጥያቄ ስታቀርብ ውድቅ ሊያደርጉብህ ይችላሉ። ደውለህ አስጨምር፣ የአንተንም የባለቤትህንም ሕመምና መድኃኒት በሙሉ ተናገር፣ ማረጋገጫውን በኢሜይል እንዲልኩልህ ጠይቅ።