ጥያቄና መልስ፦ የፍቅር ልብወለድ ማንበብ ኃጢአት ነው ወይ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት መምህር። ደሴ ነው ያለሁት፣ 26 አመቴ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ነው የምሰራው። ማታ ማታ በስልኬ የፍቅር ልብወለድ አነባለሁ፣ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል የሚለቀቁትን፣ ከውጭ የተተረጎሙትንም፣ አጫጭሮቹን ባንድ ማታ ነው የምጨርሳቸው። ሰንበት ትምህርት ቤት አብራኝ የምታገለግል ጓደኛዬ ኃጢአት ነው ንስሐ ግቢበት አለችኝ። እኔ ግን ለምን እንደዚህ እንደሚስበኝ ራሱ አይገባኝም። በጾም ማንበብስ እንዴት ነው? ሌላው ከወልድያ ሽማግሌ ተልኮብኛል፣ ልጁ አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ግን ሳየው እንደ መጽሐፉ ልቤ ድንግጥ አላለም። መጽሐፎቹ አበላሽተውኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ አብሽሪ። ከጥያቄሽ ውስጥ ከመጽሐፉ በላይ የታየኝ ፍርሃቱ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ላንሳልሽ፣ ልብወለድ ማንበብ በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ቀኖና የለንም። ኃጢአት የሚያደርገው ውስጡ ያለው ነገርና አንቺ ላይ የሚሰራው ስራ ነው፣ እሱ ደግሞ መጽሐፍ በመጽሐፍ ይታያል እንጂ በጅምላ አይፈረድም። ጓደኛሽ ለነፍስሽ አስባ ነው የነገረችሽ አትቀየሚያት፣ ግን ለምን እንደሚስብሽ አልጠየቀችሽም፣ እኔ ከዛ ነው የምጀምረው ምክንያቱም ለምን እንደወደድነው ሳናውቅ ተዉ የተባልነው ነገር ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ይመጣል።

የፍቅር ታሪክ እኮ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም፣ በተለይ ለኛ ለወሎዎች። ባቲም አምባሰልም ያገራችን ስሞች ናቸው፣ ቅኝቶቹም በነሱ ነው የሚጠሩት፣ በነዛ ቅኝቶች ብዙ የተዘፈነው ደግሞ ያው ናፍቆትና ፍቅር ነው። በመጽሐፍም ቢሆን ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ካሳተሙ በኋላ፣ ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ ሲተርከው፣ ያ ትውልድ ሬዲዮ ከቦ ነው ያዳመጠው። ልዩነቱ ምን መሰለሽ፣ ያኛው ገና በርዕሱ መቃብር ብሎ ነግሮሻል፣ አንቺ አሁን የምታነቢው ግን መጨረሻው ደስታ እንደሆነ ቃል ገብቶልሽ ነው የሚጀምረው። አሜሪካ ያለው የሮማንስ ጸሐፊዎች ማህበር ራሱ ይሄን አይነት መጽሐፍ ሲገልጸው ሁለት ነገር ነው የሚጠይቀው፣ የፍቅሩ ታሪክ መሃል ላይ ይሁን፣ መጨረሻው ልብ የሚያሳርፍና ተስፋ ያለው ይሁን። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ በ1908 የተመሰረተው ሚልስ ኤንድ ቡን፣ በካናዳ በ1949 የተመሰረተው ሃርለኩዊን የሚባሉት መጽሐፍ አሳታሚዎች፣ ኋላ ላይ በዓለም የታወቁት በዚህ ቃል ነው፣ አንባቢዋ ስትከፍተው መሃል ላይ የፈለገው መከራ ቢመጣ በመጨረሻ እንደሚገናኙ ታውቃለች። ሰው ይሄን ለምን ይፈልጋል ካልሽኝ፣ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን ያየ ሰው፣ እቃውን በፌስታል ቋጥሮ ልጁን አዝሎ የወጣ ሰው፣ መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ታሪክ ቢናፍቅ እኔ በፍጹም አልፈርድበትም። ተስፋን መራብ ነው እሱ፣ ተስፋ ደግሞ ከእግዚአብሔር ነው፣ መጽሐፉ የሚሰጥሽ ለአንድ ማታ የሚሆን ነው እንጂ ረሃቡ ራሱ ክፉ አይደለም።

ሁለተኛው ግን ይበልጣል። እነዚህን መጽሐፎች የሚያነቡ እህቶች ሲያወሩኝ ብዙዎቹ የሚያነሱልኝ ስለመሳሳሙ አይደለም፣ ዝም ስትል እንደከፋት አወቀላት፣ ቡናዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ ሳትነግረው አስታወሰ፣ ስታወራ ስልኩን አስቀመጠ፣ እንደዚህ እንደዚህ ያለውን ነው። ልብ ተባለች ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ቆማ ስንቱን ደንበኛ አስተናግዳ አንድ ሰው እንኳን ፊቷን አይቶ ደከመሽ ወይ ሳይላት ለምትገባ ልጅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሄንን ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ያውቀዋል። መጽሐፈ ሩትን አንብቢያት፣ አራት ምዕራፍ ብቻ ናት፣ ከምትወጃቸው አጫጭሮቹም ታጥራለች። ሩት ባሏ የሞተባት፣ ስደተኛ፣ ከአጫጆች ኋላ ቃርሚያ የምትለቅም ሴት ናት። ቦዔዝ እርሻው ላይ ሲደርስ ስለ ሰብሉ ሳይሆን ይቺ ልጅ የማን ናት ብሎ ጠየቀ። ለአማቷ ያደረገችውን ሁሉ ሰምቶ ነበር፣ ነገራት። ጎልማሶቹ እንዳይነኳት አዘዘ፣ ሲጠማሽ ከነሱ ማድጋ ጠጪ አላት፣ በምሳ ሰዓት የተጠበሰ እሸት ሰጣት፣ ከዛ ደግሞ ሳታውቅ ከነዶው እያስቀሩ እንዲተዉላት ለአጫጆቹ ነገራቸው፣ እንዳታፍር ብሎ እኮ ነው! በሌሊት አውድማው ላይ እግሩ ስር መጥታ ብታገኘውም አልደፈራትም፣ ጠዋት ተነስቶ ከተማው በር ላይ አስር ሽማግሌ አስቀምጦ በግልጽ ነገሩን ጨረሰ። እና አየሽ ልብ መባልን መፈለግሽ ከቅዱስ መጽሐፍ ውጪ የሆነ ነገር አይደለም። ግን ሩት ላይ አንድ ነገር ተመልከቺ፣ ታሪኩ ሰርጉ ላይ አያቆምም፣ አማቲቱ ኑኃሚን ህጻኑን ታቅፋ ታሳይሻለች፣ ልጁ ኢዮቤድ ነው፣ ኢዮቤድ እሴይን ወለደ፣ እሴይ ዳዊትን። የቴሌግራሙ ታሪክ ግን ተጋቡ ብሎ ያበቃል፣ ከዛ በኋላ ያለውን የጎጆውን ኑሮ፣ ኩርፊያውን፣ ይቅር መባባሉን፣ ህጻን ሲታመም ሌሊት መቀመጡን ማን ይንገርሽ?

ሌላም አለ። በነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሴቲቱ ትጠየቃለች፣ እሺ ወይም እምቢ ማለት ትችላለች። አያቶቻችን ስንቶቹ ናቸው ሳይጠየቁ በልጅነታቸው የተዳሩት፣ ይሄን አገር ሁሉ ያውቀዋል፣ ያ ደግሞ የቤተክርስቲያን ትምህርት አልነበረም። ዘፍጥረት 24 ላይ የርብቃ ቤተሰቦች ሽማግሌው ሎሌ ሊወስዳት ሲል ልጅቷን እንጥራና ከአፏ እንጠይቅ ነው ያሉት፣ ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽ ወይ አሏት፣ እሄዳለሁ አለች። ፍትሐ ነገሥትም 24ኛው አንቀጽ ላይ ጋብቻ የሁለቱን ፈቃድ እንደሚፈልግ ይናገራል። ስለዚህ መጠየቅን በመናፈቅሽ ዘመናዊ ሆንኩ ብለሽ አትፈሪ፣ ርብቃም ተጠይቃለች።

እሺ አሁን ደግሞ ጉዳቱን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። አንዳንዶቹ መጽሐፎች መኝታ ቤት ድረስ ገብተው ሁሉን ነገር ይዘረዝራሉ፣ ጌታችን በማቴዎስ 5፥28 ያየ ሁሉ የተመኘ ሁሉ ያለው ለወንድ ብቻ አይደለም፣ ያነበብሽው ነገር ምኞት ሆኖ ከተቀመጠብሽ እሱን መጽሐፍ ዝጊው፣ መሃል ላይም ቢሆን፣ መጨረሻውን ሳታውቂም ቢሆን። መኃልየ መኃልይ ፍቅር እንደ ሞት የበረታች ናት እያለ ሲዘምር እዛው ውስጥ ደግሞ ፍቅርን ራስዋ እስክትፈልግ አታስነሡ አታነቃቁ ብሎ ደጋግሞ ያስምላል። ከዚህ የበለጠ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው፣ በአንዳንዶቹ ታሪኮች ውስጥ ልጁ የሚወዳትን ልጅ ስልኳን ይፈትሻል፣ ከስራ ቦታዋ ጎትቶ ያወጣታል፣ ከማንም ጋር እንዳትታይ ይከለክላታል፣ ደራሲው ደግሞ ይሄን ሁሉ ስለሚወዳት ነው ብሎ ያስነብብሻል። ኧረ አይደለም! ቅዱስ ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 13 ላይ ፍቅር አይቀናም፣ የራሱንም አይፈልግም ይላል። እንደዛ አይነት ታሪክ ሀያ ሰላሳ ያነበበች ልጅ ነገ እውነተኛ ጉልበተኛ ሲመጣባት ቅናቱን ፍቅር መስሏት ትገባበታለች፣ እኔ የምፈራው ይሄን ነው፣ በጣም ነው የምፈራው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስንወርድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ልጆች ሲያነቡ አያለሁ፣ ትናንሾች ናቸው፣ ማን ነው ይሄንን የሚነግራቸው እላለሁ።

የክፍል በክፍሉ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፣ ቀጣዩ ክፍል ነገ ማታ 3 ሰዓት ይላል፣ ሆን ተብሎ የሚያጓጓ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፣ እና አንቺ እስከ ሌሊት ስትጠብቂ ውዳሴ ማርያሙም ይቀራል፣ እንቅልፉም፣ ጠዋት ኪዳንም። ሁሉ ተፈቅዶልኛል ነገር ግን በምንም ላይ እንዲሰለጥንብኝ አልፈቅድም ነው ያለው ሐዋርያው። አስቀድመሽ ጸልዪ፣ ከዛ አንብቢ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩን ከአልጋሽ አርቂው፣ ማስቀመጥ ካቃተሽ ያኔ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ እሳቸው አንቺን ስለሚያውቁሽ ከኔ የተሻለ መጠን ያወጡልሻል።

በጾም ላልሽው አጭር ነው መልሱ። በጾመ ድጓ ይጹም ዓይን ይጹም ልሳን እንላለን አይደል፣ ስለዚህ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ተይው፣ ማታውን ለሌላ ንባብ ስጪው። ሩትን ያልኩሽ ለዛ ጊዜ ይሆናል፣ ጦቢትም አለ፣ ጦብያና ሣራ በሰርጋቸው ሌሊት ቆመው የጸለዩትን ጸሎት ያላነበበ ሙሽራ ባይኖር ደስ ይለኛል።

እዚህ ጋ ወንድሞችንም ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም ሚስቴ ልብወለድ ስታነብ ታድራለች ምን ላድርግ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ወንድሜ መጀመሪያ መጽሐፉ ምን እንደሰጣት ጠይቃት፣ ብዙ ጊዜ መልሱ አንተ ልትሰጣት የምትችለው ነገር ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም ባል ለሚስቱ ከሕይወቴ አስበልጬ እወድሻለሁ ብሎ በአፉ እንዲነግራት ይመክራል፣ ከ1600 ዓመት በፊት! እኛ ጋ ግን ባል ሚስቱን መውደዱን በቤት አስቤዛ ብቻ የሚገልጽ ስንት ነው፣ አስቤዛውን አልናቅሁም ግን ቃልም ይፈለጋል፣ ጆሮም ይፈለጋል፣ ቡና ሲፈላ አጠገቧ ቁጭ ማለትም ይፈለጋል።

ጓደኛሽን በተመለከተ ካልተስማማችሁ የቅዱስ ባስልዮስን ንገሪያት፣ ለወጣቶች ስለ ግሪኮች መጽሐፍ ሲመክራቸው ንብ ሁሉም አበባ ላይ አታርፍም፣ ካረፈችበትም የሚያስፈልጋትን ወስዳ ሌላውን ትተዋለች ነው ያላቸው። እሱ እነዛን አረማዊ መጽሐፎች ራሱ አጥርቶ የሚያውቅ አባት ነበር።

አሁን የወልድያው ልጅ። ልቤ ድንግጥ አላለም አልሽ። ኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ ሁለት አይነት ታገኛለሽ፣ ያዕቆብ ራሔልን ገና ጉድጓዱ አጠገብ ሲያገኛት ነው ያለቀሰው፣ ከዛም ስለወደዳት ሰባት አመት አገልግሎላት እንደ ጥቂት ቀን ሆነለት ይላል። አባቱ ይስሐቅ ግን ርብቃን ወሰዳት፣ ሚስትም ሆነችው፣ ወደዳትም ነው የሚለው፣ መውደዱ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ሁለቱም ጋብቻ ነው፣ ሁለቱንም እግዚአብሔር ባርኳል። ስለዚህ የልብ ድንጋጤ አለመኖሩ ልጁ ያንቺ አይደለም ማለት አይደለም፣ አንቺም ተበላሽተሻል ማለት አይደለም። በዛው ልክ ግን መጽሐፍ አበላሽቶኝ ነው እንጂ ብለሽ ራስሽን ለመቅጣት እሺ እንዳትይ፣ እለምንሻለሁ፣ በጸጸት የሚገባበት ትዳር አይደለም።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽ፣ አግኚው። ቤተሰብ እያወቀ፣ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ሁለት ሶስት ቀን አውሩ። ስለራሱ ብቻ ነው የሚያወራው ወይስ ይጠይቅሻል? ስለ ተማሪዎቹ ሲያወራ በንቀት ነው በርህራሄ? አስተናጋጇን እንዴት አናገራት? ከዛ የፍቅር ልብወለድ እንደምትወጂ ንገሪው፣ አታፍሪ። ቢስቅብሽም አይተሽዋል፣ ምኑን ወደድሽው ብሎ ቢጠይቅሽም አይተሽዋል። ይሄ ካንድ ማታ የልብ ምት የበለጠ ይነግርሻል።

ሽማግሌዎቹ መልስ የሚጠብቁት መቼ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ቀኑ ከቀረበ አባትሽን ወይ አጎትሽን ቀን ይጨመርልን እንዲሉልሽ ንገሪያቸው፣ በኛ አገር ሽማግሌ ባንድ ጊዜ መልስ አገኛለሁ ብሎ አይመጣም፣ ይመላለሳል፣ አይከፋቸውም። እስከዛ የልጁን ክርስትና ስም ይዘሽ ጸልዪ፣ በተክሊል ነው በቁርባን የሚያስበው፣ ንስሐ አባትስ አለው ወይ ብለሽ አስጠይቂ፣ ያገኘሽውንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ከዛ እሺም ብትይ እምቢም ብትይ ራስሽ በአፍሽ ተናገሪው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።