የወላጆችን ግንዛቤ በመጠይቅ መለካት

ጥያቄ፦ የማኅበራዊ ሥራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ወላጆች በሕፃናት ላይ ስለሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ያላቸውን ግንዛቤ የሚለካ ነው። «እውነት» ወይም «ሐሰት» ተብለው የሚመለሱ 20 ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጅቼ በጥቂት ወላጆች ላይ ስሞክራቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ከፍተኛ ውጤት አመጡ። አማካሪዬ ግን መጠይቁን እንደገና እንድሠራው አዘዙኝ። ወላጆቹ ግንዛቤ ስላላቸው ውጤታቸው ከፍ ቢል ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ አማካሪዎን ያሳሰባቸው ውጤቱን ከፍ ያደረገው ዕውቀት ይሁን ሌላ ነገር መለየት አለመቻሉ ይመስለኛል። ከላኩልን ዓረፍተ ነገሮች መካከል «በሕፃናት ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸም ወንጀል ነው» እና «ልጆችን ከጥቃት መጠበቅ የወላጅ ኃላፊነት ነው» የሚሉ ይገኙበታል። እነዚህን «ሐሰት» የሚል ወላጅ ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ ደግሞ የሚያውቀውን ከማያውቀው አይለይም። በዚያ ላይ ጉዳዩ ወላጅነትን የሚነካ ስለሆነ፣ ተጠያቂው የሚያምነውን ትቶ ከጥሩ ወላጅ የሚጠበቀውን ሊናገር ይችላል። «አላውቅም» የሚል ሦስተኛ አማራጭ ይጨምሩ፤ ሁሉን በእሺታ የሚመልሰው ሰው እንዲታወቅም ከዓረፍተ ነገሮቹ ግማሽ ያህሉን ትክክለኛ መልሳቸው «ሐሰት» እንዲሆን አድርገው ይጻፏቸው።

ዋናው ሥራ ግን ዕውቀት በእርግጥ የሚፈተንባቸውን ነጥቦች መምረጥ ነው። ጥቃት አድራሹ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው መሆኑ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ ወይም የቤተሰብ ወዳጅ፣ አንዳንዴም በዕድሜ ከፍ ያለ ሌላ ልጅ ሊሆን ይችላል። በሰውነት ላይ የሚታይ ምልክት አለመኖሩ ጥቃት አለመድረሱን አያሳይም፤ ጥቃት የደረሰባቸው የብዙዎቹ ልጆች የሕክምና ምርመራ ምንም ጉዳት አያሳይም። ብዙ ልጆች የደረሰባቸውን ለዓመታት ሳይናገሩ ይቆያሉ። ያለ አካላዊ ንክኪ የሚፈጸም ጥቃትም አለ፤ ለልጅ የወሲብ ምስል ማሳየት ወይም በኢንተርኔት አማካይነት የራሱን እርቃን ምስል እንዲልክ መገፋፋት ከዚህ ይመደባል። ወንዶች ልጆችም ተጠቂዎች ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከ5 ሴቶች አንዷ፣ ከ7 ወንዶችም አንዱ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ይናገራሉ። ከእርስዎ 20 ዓረፍተ ነገሮች እነዚህን የሚነኩት ሁለት ብቻ ናቸው።

እነዚህንም ቢሆን በ«እውነት» እና «ሐሰት» ብቻ አይጠይቁ። «ጥቃት አድራሹ የቅርብ ሰው ሊሆን ይችላል» ሲባል የሚስማማው ወላጅ፣ የቅርብ ሰው የተባለው የገዛ ወንድሙ ሲሆን የሚያስበው ሌላ ነው። እዚህ ላይ አጭር የታሪክ መነሻ ይጠቅማል፦ «አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ለስምንት ዓመት ልጅዎ አዘውትሮ ስጦታ ያመጣል፤ ብቻውን ይዞት መውጣት ይወዳል፤ ልጁ በቅርቡ አብሬው አልሄድም ማለት ጀምሯል። ምን ያስባሉ? ምን ያደርጋሉ?» መልሱን ተጠያቂው በራሱ ቃል ይስጥ፤ እርስዎ ደግሞ ልጁን በእርጋታ መጠየቅን፣ ልጁን መቆጣትን፣ ጉዳዩን ዝም ብሎ ማለፍን አስቀድመው ባዘጋጁት መለያ ይመድቡ። በዕጣ ለተመረጡት ግማሽ ተጠያቂዎች ልጁን ሴት አድርገው ያቅርቡ፤ ወላጆች ለወንድና ለሴት ልጅ የሚሰጡት ጥንቃቄ መለያየቱን ማንም ሳይነግርዎ ያዩታል። በእኔ ግምት እንዲህ ያለ አንድ ጥያቄ ከአሥር «እውነት» እና «ሐሰት» ይበልጣል፤ መልሱን መመደቡ አድካሚ መሆኑን ግን አልክድም።

ዕውቀትን፣ አመለካከትንና ተግባርን ደምረው አንድ ነጥብ አይስጡ። ምልክቶቹን ሁሉ የሚዘረዝር ወላጅ ከልጁ ጋር ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን ተነጋግሮ ላያውቅ ይችላል፤ ድምሩ ይህን ክፍተት ይሸፍነዋል። ተግባርን ሲለኩ «ልጅዎን ያስተምራሉ?» ከማለት ይልቅ «ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁት መቼ ነው? ምን አሉት?» ብለው ይጠይቁ። በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ከአማካይ በላይ ያመጣውን ሁሉ «ጥሩ ግንዛቤ ያለው» ማለት ተለምዷል፤ አማካዩ የሚወጣው ከዚያው ናሙና ስለሆነ፣ ማንም ምንም ባያውቅ እንኳ ከፊሉ ተጠያቂ «ጥሩ» ሆኖ ይወጣል። አንድ ወላጅ ቢያንስ ምን ማወቅ እንዳለበት መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት ከባለሙያዎች ጋር ይወስኑ።

የናሙናው ነገር ብዙ አያከራክርም። 384 የሚለው የተለመደ የተጠያቂዎች ቁጥር የሚሠራው ተጠያቂዎች በቀላል ዕጣ ሲመረጡ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ነው፤ ሰዎችን በየሰፈሩ ወይም በየትምህርት ቤቱ በቡድን ከመረጡ መጨመር ይኖርበታል። ቤት ለቤት በሥራ ሰዓት ከሄዱ ደግሞ ብዙ አባቶችን አያገኙም። የክሮንባክ አልፋ የሚባለው የመጠይቅ ወጥነት መለኪያ ከ0.70 በላይ መውጣቱም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን እንጂ ግንዛቤን በእርግጥ መለካታቸውን አያረጋግጥም።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቅ ላይ እያለሁ አንዲት እናት በልጇ ላይ ጥቃት መድረሱን ብትነግረኝ ምን ላድርግ? ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ገብቻለሁ።

መልስ፦ ቃሉ ገደብ ሊኖረው ይገባ ነበር። በስምምነት ቅጹ ላይ፣ አንድ ልጅ አደጋ ላይ መሆኑን ካወቁ ለሚመለከተው አካል ለማሳወቅ ሊገደዱ እንደሚችሉ በግልጽ ጽፈው፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ያንብቡላት። የማሳወቅ ግዴታው ከአገር አገር ስለሚለያይ የሚሠሩበትን ሕግና የተቋምዎን የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ መመሪያ አስቀድመው ይያዙ። ስትነግርዎ ጥያቄውን አቁመው ያዳምጧት፤ ዝርዝሩን አይመርምሩ፤ ልጁን ፈጽሞ ራስዎ አይጠይቁ፣ ያ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። የሕክምና፣ የሥነ ልቦናና የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማትን ዝርዝር፣ ፈቃደኝነታቸውን ቀድመው አረጋግጠው፣ በእጅዎ ይዘው ይሂዱ። ያው ዝርዝር ለእናቲቱም ሊያስፈልግ ይችላል፤ እንዲህ ያለ መጠይቅ በራሷ ልጅነት የደረሰባትን ሊቀሰቅስባት ይችላልና። ቃለ መጠይቁን ልጆችም ሆኑ ሌላ የቤተሰብ አባል በሌሉበት ያድርጉ፤ ሰው ከገባም ወዲያው የሚሸጋገሩበት ሌላ ተራ ርእስ ያዘጋጁ።